የቆጥቤን ቀኝ ጎን ያሳዩን ሠዓሊ ታሂር ኡበይድ

የቆቦና አካባቢው የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር፣ የክብር አባሉና የግመሉ «ቆጥቤ» ፈጣሪ የነበሩት ሠዓሊ ታሂር ኡበይድ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ዓርብ ሚያዝያ 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ቆቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ በ64 ዓመታቸው ወደ አኼራ መሄዳቸውን ለአባላቱ፣ ለተባባሪዎቹና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። ቀብራቸው በዕለቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ቀኑ ስቅለት ስለነበር ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ከስግደት መሀል ወጥተው ቀብር ደርሰው ተመልሰዋል።

ማኅበራችን በሠዓሊ ታሂር ሞት የሀዘን መግለጫ ሲያወጣ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ሠዓሊው በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። የአሁኑ መግለጫ ሦስት ሳምንት የዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን ቀንና ስም ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ሙሚና ጋር ተቀምጠን አረጋግጠናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ መልቀማችን ይበቃናል። ስሕተቱን እዚህ ማንሳት ለምን አስፈለገ ያሉ አባላት ነበሩ። ሆኖም ቆቦ ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ መደበቁ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሆንብናል።

ሠዓሊ ታሂር በ1947 ዓ.ም. በዋጃ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ደሴ ሄደው ከአንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ዘንድ ሙያውን ከተማሩ በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ቆቦ ላይ የራሳቸውን የጽሕፈትና የሥዕል ቤት ከፈቱ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው መንገድ የሻይ ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የልብስ ስፌቱን ሰሌዳ የጻፉት በአብዛኛው እሳቸው ናቸው። ፊደላቸው ከሩቅ ይታወቃል፤ «ቆ»ን ሲጽፉ እንደ ሰው ጉልበት ሸብረክ ያደርጓት ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የከተማው የውሃ ቁጠባ ዘመቻ ኮሚቴ መለያ የሚሆን እንስሳ እንዲሥሉ አዘዛቸው። ኮሚቴው የፈለገው አንበሳ ነበር። ሠዓሊ ታሂር ግን «አንበሳ ውሃ ሲቆጥብ አይቼ አላውቅም» ብለው ግመል ይዘው መጡ፤ ስሙንም ቆጥቤ አሉት። ረጅም ሽፋሽፍት ያለው፣ በጎኑ ጀሪካን የተጫነ፣ ከንፈሩ ትንሽ የሚያሾፍ ግመል ነው። በሠላሳ አንድ የቦኖ ግድግዳዎች ላይ ተሣለ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበርን ሁሉ ቧንቧ ሳይዘጋ ለሚሄድ ሰው «ቆጥቤ ያይሃል!» ብለን እንጮህ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ዘመቻው አበቃና ግድግዳዎቹ ለንግድ ማስታወቂያ ተከራዩ። ኖራ እንዲቀቡ የታዘዙት ራሳቸው ሠዓሊ ታሂር ነበሩ። ሥራ ነውና ቀቡ። ኋላ ስንጠይቃቸው «ያመጣሁትም እኔ፣ የሸኘሁትም እኔ፤ ማን ላይ ልቆጣ?» ብለዋል። ወ/ሮ ሙሚና እንደነገሩን ግን በእነዚያ ሳምንታት የኖራውን ብሩሽ እቤት አያስገቡም ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ስለ ግመሉ ያነሳ ሰው የለም።

በ2008 ዓ.ም. ሮቢት ላይ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሱቅ ሲፈርስ ከጀርባው ኖራ ያልደረሰበት ቆጥቤ ተገኘ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሰናይ ክብረት ከባጃጅ ወርዶ በስልኩ አነሳው። ያን ጊዜ አባላቱ የስልክ ጨዋታ እየሠሩ ነበር፤ ባለታሪኩ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው እየዘለለ የሚጓዝበት ዓይነት ነው። ጨዋታው ሁሉም ነገር ነበረው፤ የጎደለው ባለታሪክ ነበር። የሠራነው ልጅ ኮፍያውም ጫማውም የሌላ አገር ሆኖ አስቸግሮን ከርሟል። የሰናይን ፎቶ ባየንበት ስብሰባ ላይ ቆጥቤ ይመለስ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ሠሪውን መፈለግ ቀጠለ፤ የምናውቀው ታሂር መባላቸውን ብቻ ነበር። አንድ አባላችን ሮቢት ላይ የዕድር ለፋፊ የአንድ ታሂርን ሞት ሲናገር ሰማና የአባት ስም ሳይጠይቅ ወሬውን አመጣልን። እኛም ሳንጠይቅ መግለጫ አወጣን፤ በወጣት ማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፤ በጨዋታው መክፈቻም «መታሰቢያነቱ» ብለን ጻፍን። ሟቹ የእህል ነጋዴው ታሂር ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሠዓሊ ታሂር መግለጫውን ከሰሌዳው ገንጥለው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ቢሯችን ይዘውት መጡ። የአባታቸው ስም ተስተካክሏል። የትውልድ ቦታቸው ከሮቢት ወደ ዋጃ ተቀይሯል። «ነፍስ ይማር» ተሰርዞ «ሙስሊም ነኝ» ተብሏል። «አርፈዋል» ከሚለው ቃል ጎን «ገና ነኝ» የሚል አለ። መግለጫውን የጻፈችው የያኔዋ ጸሐፊያችን አስረሳሽ ስታለቅስ፣ «አብሽሪ ልጄ፤ ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል። ይልቅ ግመሌን አሳዩኝ» አሏት።

ስልኩን ሰጠናቸው። ካዩት በኋላ አዙረው አዩት፤ ቀጥሎም ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በየትኛው አገር ፊደል እንደተጻፈ ጠየቁን። ነገሩ እንዲህ ነው። በቦኖዎቹ ግድግዳ ላይ ቆጥቤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ሲሄድ ስለተሣለ ግራ ጎኑ ብቻ ይታያል። በጨዋታው ውስጥ ግን መንገዱ ወደ ቀኝ ነው። እኛ ደግሞ ሥዕሉን እንደ መስታወት ገልብጠነው ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ስሙ ወደ ኋላ ይነበብ ነበር። ሰናይ ፊደሉን ብቻ አቀናዋለሁ ቢል ሠዓሊ ታሂር አልተስማሙም። «በአንድ ጎን ብቻ የተጫነ ግመል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የራያ ልጆች ሆናችሁ! ውሃው በግራ ነው። በቀኝ ሌላ ጭነት አለው።»

ለሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠየቃቸው ነገር ይህ ነበር። በቀኝ በኩል ቆጥቤ የማሽላ ከረጢት ተጭኗል፤ ከሠዓሊው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የዘመቻው ኮሚቴ ስለ ውሃ ብቻ ስላዘዘ አልሣሉትም እንጂ ግመሉ በሐሳባቸው ከመጀመሪያው ሙሉ ጭነት ነበረው። ጨዋታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ጨዋታ ሆነ። ተጫዋቹ በግዴለሽነት ሲዘል ውሃው ይፈሳል፤ ውሃው ሲቀል ጭነቱ ወደ ማሽላው ያጋድላል፤ ካጋደለ ግመሉ ይወድቃል። የምንዘልበትን ከፍታ ምን እንበለው እያልን ስንከራከርም መልሱ የመጣው ከእሳቸው ነው፤ ከማሽላ ማሳ መሀል የወፍ ጠባቂ የሚቆምበት ማማ እያለ ሌላ ቃል መፈለጋችን አስቋቸዋል። ዛሬ ቆጥቤ ከማማ ማማ እየዘለለ ነው የሚጓዘው።

ቀኝ ጎኑን ለማንቀሳቀስ ሃያ አራት ሥዕሎች ያስፈልጉ ነበር፤ ሲራመድ፣ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ተንበርክኮ ሲያርፍ። ሠዓሊ ታሂር ሁሉንም በወረቀት፣ በእጃቸው፣ በብሩሽ ለመሣል በየካቲት 2009 ዓ.ም. ጀመሩ። በ2010 ዓ.ም. የስኳር ሕመማቸው ዓይናቸውን ያዘባቸው። ሐኪም እንዲያርፉ መከራቸው። እኛም ቀሪውን በኮምፒውተር እንጨርሰው ብለን ለመንናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «አንድ ጊዜ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። አሁን በገዛ እጄ ልመልሰው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው እጅግ ዘገየ። አንዱ ሥዕል ሁለት ወር የወሰደበት ጊዜ አለ። ልጃቸው ፈሪሀ ታሂር፣ ራሷም የሰሌዳ ጸሐፊ ናት፣ ቀለም እየበጠበጠች፣ መስመሩ የት እንደደረሰ እየነገረቻቸው አብራቸው ተቀመጠች። አባላት ተራ ገብተን እየሄድን፣ እውነቱን ለመናገር ስለ ሥዕሉ ብለን ሳይሆን ከእሳቸው ጋር ለመሳቅ ብለን፣ የምንውልበት ቀን ብዙ ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሃያ ሦስተኛውን አስረከቡን። ሃያ አራተኛው፣ ተንበርክኮ የሚያርፈው፣ ሳይጀመር ቀረ።

ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የሌላ እጅ እንዳይነካው፣ ለክብራቸው ሲባል የሃያ አራተኛው ሥዕል ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲቀር፣ የጨዋታው መውጫም ላልተወሰነ ጊዜ እንዲራዘም ሐሳብ ቀርቦ ጸደቀ። ውሳኔው መልካም መስሎን ነበር፤ አንዳንዶቻችን ስናጸድቀው አልቅሰናል። በማግስቱ ሰናይና አስረሳሽ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ሀዘን ቤት ሄዱና ለቤተሰቡ አነበቡ።

በዚህ አጋጣሚ ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ሙሚና፣ ለልጃቸው ለፈሪሀ፣ በቆቦ፣ በሮቢትና በዋጃ ለሚገኙ ዘመዶቻቸው፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸው፣ ቆጥቤን በቦኖው ግድግዳ ላይ እያዩ ላደጉ ሁሉ ልባዊ መጽናናትን ይመኛል። አላህ ሠዓሊ ታሂርን በጀነት ያኑራቸው፤ ለቤተሰባቸውም ሰብርን ይስጥ። ሀዘኑ የእኛም ነው። እንደ አባት ያረሙን፣ እንደ ጓደኛ ያሾፉብን ሰው ነበሩና ቢሯችን ውስጥ ወንበራቸውን ማየት እስካሁን ይከብደናል።

በሚያዝያ 26ቱ ውሳኔ ላይ ቤተሰቡ የሰጠውን መልስ አባላት ማወቅ ስለሚገባቸው በቃል እንደተባለ እናሰፍራለን። ወ/ሮ ፈሪሀ ቃለ ጉባኤው ተነቦ እስኪያልቅ ሰምታ፣ «የሞተው አባቴ ነው፤ ቆጥቤ አልሞተም። ከዓመት በላይ እጁን ይዤ ያስጨረስኩት እናንተ ባዶ ቦታ እንድታከብሩ ነው? ወረቀቱን ስጡኝ» ብላለች።

ውሳኔው ተሽሯል። ፈሪሀ ሃያ አራተኛውን ሥዕል ግንቦት 8 ቀን አስረከበችን። ቆጥቤ ቅዳሜ ሰኔ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ በሁለቱም ጎኑ እንደተጫነ፣ ለሁሉም ሰው ስልክ ክፍት ይሆናል።

የቆቦና አካባቢው የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር
ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቆቦ