ሆትስፖቱ የሚያውቀው ስልክ

ለወንድሜ ለሙሐመድአሚን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የሎጊያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ ብቻ አስቸግሮናል።

ልጄ ረመዳን ሰኔ ላይ ወደ ዓረብ አገር በአንተ በኩል አልፋለሁ ብሎ ሲወጣ ታብሌቱን ትቶልኝ ነበር። አንተ ግን እኔ ዘንድ አልደረሰም ብለህኛል። አሁን የረመዳን ስልክ ኢንተርኔት ያገኝበት የነበረው የታብሌቱ ሆትስፖት እምቢ አለኝ። ስከፍተው ይበራል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራሱን ያጠፋል። ሲም ካርዱን አውጥቼ ጠረግሁት፣ ካርድም ሞላሁበት፤ አልሆነም። ቆቦ ወስጄ ለጠጋኙ ለአላምረው ሰጠሁት።

«የሚያያዝበት ስልክ ሲያጣ ነው የሚጠፋው፣ እትዬ ሀስና» አለኝ። «ሁሉን አጥፍቼ በአዲስ ስምና በአዲስ ፓስወርድ ላስጀምርልዎት።»

«የድሮውን የሚያውቅ ስልክ ቢመጣስ?»

«ስልክ ፍየል ነው እንዴ፣ ለብቻው ወደ ቤት የሚመለስ?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁና ታብሌቱን ተቀብዬው ወጣሁ።

ለእሱ ያልነገርኩት አለ። ባለፈው ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ አንድ ስልክ መያያዙን ታብሌቱ ላይ አየሁ። ስሙ «የረመዳን ስልክ» ይላል። ሮጬ ወጣሁ። ደጃፋችን ላይ ወደ ዋጃ የሚሄድ ሚኒባስ ሰው ጭኖ ሊነሣ ነበር። በየመስኮቱ አየሁ፤ አንድም የማውቀው ፊት የለም። ሚኒባሱ ሲርቅ ስሙም ከታብሌቱ ጠፋ። ሸጦት ይሆናል ብያለሁ፤ መንገደኛ ብዙ ነገር ይሸጣል።

ታብሌቱን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ በጠፋ ቁጥር መልሼ እከፍተዋለሁ።

በደጅህ ወደ ባሕሩ የሚያልፉ የራያ ልጆች ካየህ ውሃ አጠጣልኝ፤ ስማቸውንም ከነአባታቸው ጠይቅልኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሀስና፣ ከጎብዬ