አራተኛው ወንበር

ጥር 6

ውሃ፣ ብርጭቆ፣ ወንበር። ጠዋት አዳራሹን አዘጋጀሁ። የእኛዎቹ በመስኮቱ በኩል፣ እንግዶቹ በበሩ በኩል። እንግዶች ይባላሉ እንጂ እንደ እንግዳ የሚያያቸው የለም። የኬሚካል ጦር መሣሪያ መርማሪዎች ናቸው። ፋብሪካዎቻችሁን ገብተን እንይ ይላሉ። የእኛዎቹ የምታዩት ነገር የለም ይላሉ። ይህ ሁሉ ወንበር የሚደረደረው እንዴት ገብተው እንደሚያዩ ለመስማማት ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ፣ ሱፉ የምንለው፣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። "አንቺ፣ የእነሱን ሻይ ቀዝቀዝ አድርገሽ አቅርቢ።" ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አልተናገርኩምም። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ቀዝቀዝ አድርጌ አቀረብኩ።

ጥር 8

ሳይጀምሩ ተበተኑ። በእኔ ጦስ...

አንድ ወንበር እግሩ ተሰብሮ ጥገና ሄዷል። በእሱ ፈንታ ያገኘሁትን ተካሁ፤ እጅ ማሳረፊያ የሌለው ነው። የእንግዶቹ አለቃ፣ ጸጉሯ ጥጥ የመሰለው ሴትዮ፣ የደረሳት እሱ ነው። አየችው። የሌሎቹን አየች። አልተቀመጠችም። ይዘውት የመጡት አስተርጓሚ "ይህ ንቀት ነው ብለዋል" አለ። የእኛ አምባሳደር ይቅርታ ይላል ስል፣ "ለአጭር ጊዜ ነው የመጡት፤ ምን ያንፈላስስዎታል?" አላት። ተያይዘው ወጡ።

ሱፉ ይገድለኛል ብዬ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ጎበዝ! በአንድ ወንበር አባረርሻቸው።"

ሰውዬውን ድሮም አልወደውም። ዛሬ ግን በደንብ ጠላሁት።

ጥር 11

የወንድሜ ሳል ብሶበታል። ከከተማው ጫፍ ባለው የፀረ ተባይ መድኃኒት ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከኋላ ወዳለው ዝግ ሕንጻ አዛውረውታል። ስለዚያ ቤት ትንፍሽ አይልም።

እራት ላይ፣ "እነዚያ ሰላዮች አልሄዱም?"

"አልሄዱም።"

"አንቺም ሽር ጉድ ትይላቸዋለሽ።"

"ሥራዬ ነዋ።"

"የእኔም ሥራዬ ነው!" አለና የጎረሰውን ሳይውጥ ሳሉ ያዘው። ጀርባውን መታ መታ ላደርግለት ስል እጄን ገፋው።

እናታችን ስትሞት ገና በዳዴ ነበር። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ... አሁን እጄን ይገፋል።

ጥር 12

ሳህኖቹን አጥቦ ነው የወጣው። ይቅርታ መሆኑ ነው? ይሆናል።

ጥር 17

ጠቡ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ተጠምዷል። መርማሪዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለብቻ እናነጋግር አሉ፤ የመንግሥት ሰው በሌለበት። አምባሳደሩ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ብርጭቆው ተገለበጠ። "ሠራተኞቻችን ሕፃናት አይደሉም፣ ማንም እየጎተተ የሚያስለፈልፋቸው!"

ሴትዮዋ ድምጿን እንኳ አላነሳችም። "ሕፃናት ካልሆኑ ሞግዚት ለምን አስፈለጋቸው?"

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። እኔ ውሃውን ጠረግሁ። አምባሳደሩ እኔንም እንደ ጠላት አየኝ። ምን አደረግሁት?

ማንበብ የተማርኩት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ወሬው ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ተቀዶ ነው የሚደርሰኝ፤ መጨረሻውን በራሴ እሞላለሁ። የዚህን መጨረሻ ግን ልሞላው አልቻልኩም።

ጥር 18

ወንድሜ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "ለብቻ ነው ወይስ ሰው ባለበት?"

"ምኑ?"

"ሠራተኞቹን ሲያናግሩ። ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።"

"ገና አልተስማሙም።"

ጫማው ታስሯል፤ እሱ ግን እንዳጎነበሰ ነው። "ሳቂታውን ታስታውሺዋለሽ?"

እንዴት እረሳዋለሁ? የሥራ ጓደኛው፣ ቤታችን መጥቶ ወጥ አቃጠልሽ እያለ የሚያሾፍብኝ። ክረምት ላይ ሞተ። ለሚስቱ የሳንባ ምች ነው አሏት።

"ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አረፋ እየደፈቀ... የሳንባ ምች አልነበረም፣ እታለም። እዚያ የምንቀምመው ነገር ለተባይ አይደለም።"

ቀና አለ።

"ሰው ባለበት ከተናገርኩ ቤቴም አልደርስም። ለብቻ ከሆነ ግን..." ተነሥቶ ወጣ።

የሚጠላቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሲጠብቃቸው ኖሯል።

ጥር 25

ፈረሙ። ሠራተኛው ራሱ ካልጠየቀ በቀር ማንም አብሮት አይቀመጥም። አምባሳደሩ እየሳቀ ፈረመ። ምን አሳቀው? ሲጨባበጡ ሴትዮዋ እጇን በመሃረብ ስትጠርግ አየሁ። እሱም አየ። ሳቁ አልጠፋም።

ለወንድሜ ነገርኩት።  ሳህኑን ባዶ አደረገ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

የካቲት 2

ምን እንዳሳቀው ገባኝ።

ሠራተኞቹ የሚጠየቁት እኛው ዘንድ ነው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። ሱፉ "አራት ወንበር" አለኝ።

"ሦስት አይደለም እንዴ?" አፌ አመለጠኝ።

"ሠራተኛው፣ ሴትዮዋ፣ አስተርጓሚው። አራተኛው ለእኛ ሰው ነው። ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል። 'ይህ ሰው አብሮህ ይሁን?' ሲሉት፣ ዓይኑ ሥር ተቀምጦ እያፈጠጠበት የትኛው ወንድ ነው ይውጣልኝ የሚል? በቃ፣ ራሱ ጠየቀ ይባላል። ውሉ ተከበረ!"

ሲስቅ ወርቅ ጥርሱ ይታያል። ያን ጥርስ ባወለቅሁለት...

የካቲት 3

ነገ የወንድሜ ተራ ነው። ልንገረው? ከነገርኩት ይቀራል። ካልነገርኩት ደግሞ ገብቶ ያየዋል።

ሸሚዙን ተኮስኩለት። አልነገርኩትም።

የካቲት 4

ሦስት አስገባሁ። የተረፉትን አዳራሹ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። አራተኛውን፣ ያንን እጅ ማሳረፊያ የሌለውን፣ ኮሪደሩ ላይ ከበሩ አጠገብ አድርጌ ተቀመጥኩበት። 

የእኛ ሰው መጣ። አንገቱ ከኮሌታው የተረፈ ወፍራም። ክፍሉን አየ፣ ወጣ።

"የእኔ ወንበር የታል?"

የተቀመጥኩበትን አየው።

"ተነሺ!"

"አልነሳም።"

"ደንቆሮ ነሽ እንዴ? ተነሺ እኮ ነው የምልሽ!"

"አልነሳም።"

እጄን ይዞ ሲጎትተኝ እንግዶቹ ከወንድሜ ጋር ብቅ አሉ። ለቀቀኝ። ሴትዮዋ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወንበሩን። አወቀችው። ወንድሜን እዚያው ኮሪደሩ ላይ አቁማ አስጠየቀችው፤ "ማን አብሮህ እንዲገባ ትፈልጋለህ?"

ወንድሜ እኔን ነበር የሚያየው። "ማንም አይግባ" አለ።

በሩ ተዘጋ። ወፍራሙ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "ዋጋሽን ታገኛለሽ" አለኝ። ከውስጥ ሳሉ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ... እንደዚህ ረጅም ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የካቲት 5

ተባረርኩ። ሱፉ መታወቂያዬን ከአንገቴ ላይ በጥሶ ወሰደው።

የካቲት 9

ዝጉ ሕንጻ በእንግዶቹ ማኅተም ታሽጓል። ጎረቤት ሰላምታ ነሥቶናል። በራችን ላይ በከሰል "የሰላይ ቤት" ተብሎ ተጽፎ አደረ። ወንድሜ ሊያጠፋው ጨርቅ አነሣ፣ ሳሉ ጣለው። ተወው አልኩት።

ከሰዓት ወፍራሙ መጣ። ሳያንኳኳ ገባ። "ወንድምሽን ላናግረው ነው። ለብቻ።"

ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ።

ለሰውዬው ወንበር አመጣሁለት። ለወንድሜም። ከዚያ ሦስተኛውን አምጥቼ መሃላቸው አስቀመጥኩ።

"አብሬህ ልሁን?" አልኩት ወንድሜን።

"ሁኚ፣ እታለም።"

"ለብቻ ነው ያልኩሽ!" ጮኸ።

ተቀመጥኩ። እስኪበቃው ይጩህ፤ ከወሰደም ሁለታችንንም ነው የሚወስደው። እየደጋገመ ጮኸ። ሲደክመው ሰዓቱን አየ፣ ላቡን ጠረገ።

ሻይ አቀረብኩለት። ቀዝቀዝ አድርጌ።