የአቃቂ ፉርጎና የእኔ ትከሻ

የካቲት 9፣ 1973
ጭድ ስከምር ዋልሁ። አመሻሽ ላይ መሠረተ ትምህርት። ከሁሉ ቀድሜ አነበብሁ... ማን ይደርስብኛል? መምህርታችን ጽጌ የባቡር ሥዕል አሳየችን። ከንፋስ መውጫ ሰው ባቡር በዓይኑ ያየ እኔ ብቻ። “አቃቂ ስምንት ዓመት የጭነት ባቡር ነድቻለሁ” አልሁ። አፌ ነው... ጫኝ አውራጅ ነበርሁ። ከፊቴ የምትቀመጠው ተማሪ፣ ውዴ፣ ግን ዞር ብላ አየችኝ።

የካቲት 12
ጽጌ፣ “እንግዲያው ታሪኩን ጻፍና በምረቃው ቀን ታነባለህ” አለች። ይሁን።
ስንወጣ ውዴ፣ ሁሉም እየሰማ፣ “ስንት ፉርጎ ትጎትት ነበር?”
“መቶ።”
“ከዚህ እስከ ቤታችን ነዋ።”
“ይበልጣል።”
ሽማግሌ ልልክ ነው። አባቷ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ለሹፌር እንቢ ይሉ ይሆን?

የካቲት 16
ገበያ። ነጋዴው ጋሽ ጁሃር ጨው ይዘው መጥተዋል። አቃቂ ጨዋቸውን ከፉርጎ የማወርድላቸው እኔ ነበርሁ። ገና ከሩቅ ስሜን ጠርተው፣ “ተሻገር! ትከሻህ ዳነ?”
ውዴ እዚያው ድንች ትመርጣለች። “የምን ትከሻ?”
“የጆንያ ነዋ፣ ልጄ። እንደሱ ያወረደ የለም።”
አልሳቀችም። ድንቿን ይዛ ሄደች።

የካቲት 17
አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቀረሁ። ምን አመመኝ?

የካቲት 21
ጻፍሁ። “ከእኔ በፊት የነበሩ ጫኞች እንደነገሩኝ፣ ባቡሩ ድሮ በእንፋሎት ይሄድ ነበር፤ ኋላ በናፍጣ። ከጅቡቲ ጨውና ጨርቅ ያመጣል፤ ቡናና ቆዳ ይወስዳል። ከሃያ ሁለት ፉርጎ በላይ ሲጎትት አላየሁም። በ69 በጦርነቱ ሐዲዱ ተቆረጠ። ፉርጎዎቹ ቆሙ፣ ከሥራቸው ሣር በቀለ፣ እኔም አገሬ ገባሁ። ጫኝ አውራጅ ነበርሁ።”
የመጨረሻዋን ሁለቴ ሰርዤ በሦስተኛው ሳልሰርዝ ተውኋት።

የካቲት 30
ምረቃ። አነበብሁት። አብሮኝ የሚማረው ይሁኔ ከኋላ፣ “መቶው ፉርጎ የት ገባ?”
“ሰባ ስምንቱ መንገድ ላይ ነው” አልሁ። አዳራሹ ሳቀ።
ውዴ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ጋሽ ጁሃርን ጨምርበት።”
ልልክ መሆኑን ማን ነገራት?

መጋቢት 8
ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ጋሽ ጁሃርም አብረው። እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም፣ ቆመው ነው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ “ባቡር ነጂ ነኝ ይል አልነበር?” አሉ።
ጋሽ ጁሃር፣ “አባቴ፣ አልነዳውም። እሱ ሳይጭነው ግን ተነሥቶ አያውቅም።”
ከዚያ ቄሱ፣ “ተቀመጡ” አሏቸው።
ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይችን “ተቀመጡ” ጋሽ ጁሃርን መቶ ጊዜ አስደገምኋቸው።
ሦስት ጊዜ ነው።