ረውዳ የመዘነችው ቤት

ናጂዬ፣ ትናንት እዚህ ዮርዳኖስ፣ ጀበል አማን ሠፈር ላይ እህትሽን ሥራዋ ላይ አየኋት። ሰው ቤት ታጸዳ የነበረችው ረውዳ ሠልጥና፣ አሁን ቤቶች ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዴት እንደሚይዙ ትመዝናለች። እኛ ሠፈር ቤት የሚመዘነው በቀለሙ ነው። የአንድ አሮጊት እናት የድንጋይ ቤት በቀድሞው አመዛዘን ዕድሜው ብቻ ታይቶ ዝቅተኛ ደረጃ ስለተሰጠው፣ ልጆቻቸው «ይሸጥ» ይሏቸው ነበር። ረውዳ በሩ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ ገጥማ፣ ነፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በመዳፏ ፈለገች።

«ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ መስኮቶቹን ብቻ ያስጠግኑ» አለቻቸው በዐረብኛ። በእሷ ምዘና የቤቱ ደረጃ ከፍ አለ። እሳቸውም እጇን ይዘው «ይስለሙ ኢደይኪ፣ እጅሽ ይባረክ» አሏት። አጠገቤ የቆመ ጎረቤታቸው «የማን ልጅ ናት?» ቢለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «የሠፈሬ ልጅ» አልኩት።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ልጅዎ ተከብራለች በያቸው።

ረድኤት