እታለም የገለበጠችው መጽሐፍ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለእታለም እህተማርያም፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ያምሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ዲንሳስ፣ ያ ሳሉ ለቀቀው? የአሰላ ብርድ ሳል አያስለቅቅምና ደራርቦ ይውጣ በይልኝ። እኔ፣ ባለቤቴ ፈነትና ልጃችን ኖህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ገና በኅዳር በረዶ ጥሎ፣ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን መስታወት እየፋቅሁ ነው የምወጣው።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ስለ መጽሐፉ ጠየቅሽኝ። እኔም አለ፣ ሻንጣ ውስጥ ነው አልኩሽ። ለእንቁጣጣሽም እንዲሁ ብዬሽ ነበር። የለም እታለም። መጽሐፉ የለም። ድምፅሽን እየሰማሁ ይህን መናገር አቅቶኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ዓይኔ ሳይደክም አንድ ጊዜ ላንብበውና ለልጄ ለዮሐና ላውርሳት ያልሽኝ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ያንን ክረምት መቼም አትረሺውም። መጽሐፉ በገበያ አይገኝም፤ ያለው አንድ አከራይ ዘንድ ነበር፤ እሱም በቀን ያከራያል እንጂ አያሳድርም። የትምህርት ቤት መታወቂያሽን አስይዘሽ ጠዋት ታመጪዋለሽ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ትገለብጫለሽ፣ ሳይመሽ ሮጠን እንመልሳለን። ፊደል ቆጠርኩ እንጂ ማንበብ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ አንባቢ የሆንኩት በዚያ ክረምት ነው። ስሳሳት በእርሳስሽ ጫፍ አናቴን ትመቺኛለሽ። የባለታሪኳን ስም በቀይ ቀለም ካልጻፍኩ ብለሽ ድርቅ ስትዪ፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችን ስም ነው ብላ ተቆጣችሽ። አንቺ ወይ ፍንክች! ገልብጠሽ የሞላሽውን ሰባት ደብተር ሰፍተሽ ጥቁር ቆዳ ስታለብሺው የደብር መጽሐፍ መሰለ።

ወደ አሜሪካ ስሄድ አውጥተሽ ሰጠሽኝ። እዚህ አገር ሰው ሆኜ የቆምኩት በእሱ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ብቻዬን በኖርኩባቸው ዓመታት የሚያናግረኝ እሱ ነበር። ፈነትን ለትዳር ስጠይቃት የተናገርኩት እንኳ ከምዕራፍ አራት የሰረቅሁትን ነው፤ እስካሁን አታውቅም፣ አደራሽን።

ታዲያ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለምን ከእጄ አወጣሁት? በጉራ! እኛ ታክሲ ነጂዎች ኤርፖርቱ አጠገብ ተራ የምንጠብቅበት ቦታ አለ። ሁለት ሦስት ሰዓት እንቆማለንና በመኪና መስኮት መጽሐፍ እንቀባበላለን። አንድ ቀን፣ እኔ ዘንድ እህቴ በእጇ የገለበጠችው አለ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ሆርዶፋ የሚባል የነቀምቴ ሰው፣ ዌስት ሴንት ፖል የሚኖር ባልደረባችን ተዋሰኝ። ሁለት ጊዜ ብጠይቀው ሁለቴም ገና እየደገምኩት ነው፣ አታዋክበኝ አለኝ። ከመናደድ ይልቅ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ታመመ። ሆስፒታል ገብቶም ከራስጌው አይለየውም ነበር። ሐምሌ ላይ አረፈ።

እዚህ አገር ሰው የሚሰናበተው ሳጥኑ ተከፍቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሰልፈን ሳለ ልጁ ገላኔ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደል ግን አንዲትም አትለይም። ነጠላውን ገለጠች። ጥቁሩ ቆዳ ነው። ከፍታ ገጹን ስትስም ቀዩን ጽሑፍሽን ከሁለት ሰው ኋላ ቆሜ አየሁት። የአባቷ የጸሎት መጽሐፍ መስሏታል። ደረቱ ላይ አኖረችው። እናቶች፣ የተባረክሽ ልጅ፣ የአባትሽን ዳዊት ሳትረሺ እያሉ አለቀሱላት።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ካህኑ ቆመው ሳሉ የፍቅር ልብ ወለድ ነው ልበል? ልጅቷን በሰው ፊት ላሳፍራት? ለብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተጨነቅሁት ለእሷ አይደለም። በሰው ለቅሶ መካከል ንብረቱን ይጠይቃል እንዳልባል ነው። ለስሜ ብዬ ያንን የክረምት ልፋትሽን ሁሉ አስቀበርኩት። ክዳኑ ሲገጠም እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር።

በአርባው ገላኔ ጠጋ ብላ፣ «አንክል ቸሩ፣ ዳዲ ያንን ቡክ ሲያነብ ይስቅ ነበር፣ ሳምታይምስ ያለቅሳል። ምን ጸሎት ነው?» አለችኝ። ስለ ፍቅር ነው አልኳትና ወደ ሰዎቹ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ በቃሌ ልጽፈው ሞከርኩ። ደብተር ገዝቼ፣ ተራ ስጠብቅ መሪው ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሄጄ ቆምኩ። ለካ የማስታውሰው አንቺ የት ላይ ስቀሽ ብዕሩን እንደጣልሽ፣ የት ላይ ቆይ ድገምልኝ እንዳልሽኝ ነው እንጂ የተጻፈውን አይደለም። ገጾቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። ይቆጨኛል እታለም፣ በጣም ይቆጨኛል።

አሁን አንድ ነገር ፍረጂልኝ። ለገላኔ እውነቱን ልንገራት ወይስ ልተዋት? መጽሐፉ ያንቺ ነው፣ አባትየው ግን የእሷ ነው። ያልሽኝን አደርጋለሁ። እኔን ደግሞ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ፈነት እጅ ነስታለች። ኖህም በእንግሊዝኛው «ሃይ» በላት ብሎኛል፤ እሱንም ከሚቀጥለው ቅዳሜ ፊደል አስቆጥረዋለሁ እያልኩ ስምንት ዓመቱን ደፈነ። ለጋሽ ዲንሳ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለዮሐና ግን ከሰላምታው ጋር፣ አጎትሽ መጽሐፍሽን እያየ አስቀበረው ብለሽ እንዳለ ንገሪያት። በመንገድ ጠፋ፣ አይጥ በላው እያልሽ አትሸፍኚልኝ። ልጆች ሳለን ጥፋቴን ሁሉ አንቺ ነበርሽ የምትሸፍኚልኝ፤ ይሄኛውን ተዪልኝ፣ እኔው ልሸከመው።

ወንድምሽ ቸሩ
ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 16 ቀን 2000 ዓ.ም.