ስለ ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ

ለተከበሩ አቶ ኤልናታን ወዬሳ
የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከሉ ኩሬተር (የዓውደ ርዕይ አዘጋጅ)
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ? ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ዕድሜን፣ ለወንበርዎም ጽናትን አብዝቶ ይስጥልን እያልኩ፣ እኔ የዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ነዋሪዋ የቪዲዮ ጥበብ ሠራተኛ ሔለን ደግፌ፣ በግል ላመሰግንዎት ስድስት ጊዜ ቢሮዎ ብመላለስም ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ወይም እንደማያስታውሱት፣ እናቴ ወይዘሮ ዋጋነሽ በኮልፌ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቆጮ ስትሸጥ ድምጿ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ የነበረ ሴት ናት። ስትሮክ ሲመታት ቀኝ እጇና ንግግሯ አብረው ሄዱ። ንግግር የምታለማምዳት የቤቴል ክሊኒክ ባለሙያ “በየቀኑ አናግሪያት” ስላለችኝ፣ እኔም ሌላ መላ ስላጣሁ፣ ካሜራዬን ከአልጋዋ ፊት ተክዬ ቃል ስትፈልግ አሥራ አራት ወር ቀረጽኳት። ከዚያ ሁሉ የአርባ አንድ ደቂቃ ሥራ ወጣ። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ አፏን ትከፍታለች፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ በሠላሳ ስምንተኛው “ሔሉዬ” ትላለች። ከታመመች ወዲህ ከአፏ የወጣው ቃል ይኸው አንዱ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ስለ አዲሱ ሥራዬ እንድንወያይ የጠሩኝ ዕለት፣ ስልክ እያነጋገሩም ቢሆን ስድስት ያህል ደቂቃ ተመልክተው፣ “ሔለን፣ ቆንጆ ነው፤ ግን እኮ ምንም አይፈጠርም” ስላሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። “የሚፈጠረው ወደ መጨረሻው ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ” ብዬ ብለምንዎት፣ “ተመልካች አይታገሥም፤ የውጭ እንግዶችም አሉ፣ እስቲ ትንሽ ባህል ጨምሪበት” ብለው መክረውኛል። እናቴ ፒጃማ ለብሳ ስለነበር ባህሏ ካልታየዎት ጥፋቱ የእሷ ነው።

2ኛ. ኮምፒዩተሬ በመብራት መቆራረጥ ስለተቃጠለ ሥራውን ካመጣሁበት ሃርድ ዲስክ በቀር ሌላ ቅጂ እንደሌለኝ ስነግርዎት፣ “ከቤትሽ ይልቅ እዚህ ይጠበቃል” ብለው በአደራ ስለተቀበሉኝ፣ ከዚያም ሳያማክሩኝ ሥራውን ቆርጠው አራት ደቂቃ አድርገው ዋሽንት ስለጨመሩበት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3ኛ. የመክፈቻው ዕለት ጎረቤታችን ወንድሙና እኔ እናቴን ከአራተኛ ፎቅ ተሸክመን አወረድናት። ስለ መቆረጡ አላውቅም ነበርና “ዛሬ ድምፅሽን ትሰሚያለሽ” ብያት ነበር። ራሷን ግድግዳው ላይ ስታይ ዓይኗን አልነቀለችም። ዋሽንቱ አለቀና ምስሉ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስት ጊዜ እስኪደጋገም ጠበቀች፤ ቃሏ አልመጣም። ከዚያ በግራ እጇ ቀሚሴን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ። እርስዎ በዚያች ሰዓት ስለ “ድምፅ አልባዎች ድምፅ” ንግግር እያደረጉ ስለነበር ልናቋርጥዎ አልፈለግንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምዱን እምቢ ብላለች፤ ባለሙያዋ ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

4ኛ. ቃሏን መልሼ ባሰማት ይሻላት ይሆናል ብዬ ሃርድ ዲስኬን ልወስድ ስመጣ፣ ሠራተኛዎ ምህረት ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ “እኅቴ፣ ለሌላ ዓውደ ርዕይ ቦታ ተፈልጎ ተደምስሷል” አለችኝ። እርስዎ ግን በስልክ፣ “አራቱ ደቂቃ አለ አይደል? ለሌላውማ እንደገና ቅረጪያት” በማለት አጽናንተውኛል። ምክርዎን ሰምቼ ካሜራውን መልሼ ከተከልኩ ሁለት ወር አለፈው። እስካሁን የቀረጽኩት ጀርባዋን ነው። በእርስዎ ቋንቋ፣ ምንም አይፈጠርም።

ካሣም ይቅርታም አልጠይቅም፤ የሚመልሰው ነገር የለምና። ማዕከልዎ እንዲሰፋ፣ እንግዶችዎ እንዲበዙ፣ የሚያጎርስዎ እጅም እንዳይታጠፍብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የውለታዎ ባለዕዳ
ሔለን ደግፌ
ኮልፌ ቀራንዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ ትናንት ደውላ፣ በመጪው ሳምንት “ትውስታን መጠበቅ” በሚል ርእስ ንግግር ስለሚያደርጉ፣ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ሰው ይዤ እንድመጣ ጠይቃኛለች። እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ማጨብጨብ አትችልም፤ ጥያቄ እንደማትጠይቅዎ ግን ዋስ እሆናለሁ።