ሽምብራ የምታህል ቅባት

ቅዳሜ

ጠፋ! ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጥቶ፣ ዐም ኢድሪስ «ማሻአላህ» ብለው ሳይጨርሱ ድርግም አለ። ደግሜ አበራሁት። ትንሽ ሠራና አሁንም ድርግም። ወላሂ የኔም ልብ አብሮት ነው የጠፋው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ባሕሪ ሰፈር ባለው የዐም ኢድሪስ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እስከ ዛሬ የነካሁት አሮጌ አሮጌውን ብቻ ነው። ሪያድ ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምሠራበት መዳም ቤት፣ የምሳ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ በሐፍላ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ እየመጣሁ አቧራ እጠርግላቸው ነበር። ከዚያ መፍታት አስተማሩኝ፣ ከዚያ መግጠም። የሳቸው ዐይን ደክሟል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ልጆቻቸው በሱዳኑ ጦርነት ግብፅ ገብተው እዚያው ቀሩ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነካርቶኑ አዲስ ዕቃ ሰጡኝ። ዐማራት ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ መሐንዲስ ያዘዘው ነው፣ ሐሙስ መጥቶ ይወስደዋል።

እንዲህ ነው ያሉኝ፦ «ይህን ገጥመሽ ካስረከብሽ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍልም ያንቺ። የመኖሪያ ኢቃማሽንም በኔ ስም አወጣልሻለሁ። ካልሆነ እኔም ደክሞኛል ልጄ፣ ዘግቼ ልጆቼ ጋ እሄዳለሁ።»

ክፍል! ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል። ሐያትን ከገዳሪፍ አመጣታለሁ ማለት ነው። ልጄ ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ የአክስቴ ልጅ ሰሚራ ጋ ናት። መዳም ቤት ልጅ ይዞ ማደር የለም።

ምን አጠፋሁ? ሁሉንም እንዳስተማሩኝ ነው ያደረግሁት፦

ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ሳልጫነው ቦታው አስቀመጥሁ።
መሀሉ ላይ ፔስት፣ ያቺን ግራጫ ቅባት፣ ሽምብራ አሳክዬ ጠብ አደረግሁ።
ኩለሩን፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ብረቱን ከነማራገቢያው፣ በላይዋ ጭኜ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቅሁ።

ፔስቷ ሥራዋ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ ብረት ማሻገር ነው። ኩለሩማ እንዴት ያምራል! የሥሩ ፊት መስታወት ነው የሚመስለው። እንዳልጭረው እየፈራሁ በጠርዝ በጠርዙ ነው የያዝኩት። ታዲያ ምን ጎደለው?

እሑድ

ዛሬ የመዳም አዲስ ወንበሮች መጡ፣ የድሮዎቹ ተዘርፈዋልና። እንደ ልማዷ ፕላስቲካቸው አይወልቅም። ፍሪጁ ከነፕላስቲኩ፣ ሪሞቱ ከነፕላስቲኩ፣ አሁን ደግሞ ወንበሩ። አቧራውን ፈርታ ነው። በዚህ ሙቀት እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲነሣ ጭኑ ጧ ይላል፣ ሳቄን ይዤ ኩሽና እገባለሁ። መሳቅ የምችለው ግን ዛሬ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የልብስ ማጠቢያውን ፕላስቲክ አጸዳሁልሽ ብዬ ልጬባት የወረደብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ስሜ እንኳ ቀርቶ «ያቺ ላጯ» ነበር የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዕቃ ሳይ እጄ በራሱ ይሰበሰባል።

ሱቅ ሄጄ ፈታሁት። ፔስቱ በዝቶ ይሆናል ብዬ በስቢርቶ አልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግሁና ምስር የምታህል ብቻ አደረግሁ። ባሰበት! ስክሪኑ ላይ የፕሮሰሰሩ የሙቀት ቁጥር ሽቅብ ይሮጣል። ኩለሩን በእጄ ብነካው ግን ለብ እንኳ አላለም። ፕሮሰሰሩ እየተቃጠለ ላዩ ላይ የተቀመጠው ብረት እንዴት ይቀዘቅዛል? ያ ረቢ፣ አእምሮዬን ልስት ነው።

ሰኞ

ዛሬ እልህ ያዘኝ። ካነሰ ይብዛ አልኩና ስሪንጁን ይዤ የቀረውን ፔስት በሙሉ ጭምቅ አድርጌ አወጣሁት። ኩለሩን ስጫነው በየጎኑ ወጣ። ዐም ኢድሪስ በደካማ ዐይናቸው አጎንብሰው አዩና «ልጄ፣ ገንፎ አደረግሽው እንዴ?» አሉኝ። ደግነታቸው ነው ይበልጥ ያሳረረኝ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠፋ። እንደገና ጠፋ። ፔስትም አለቀ። ይህ ፕሮሰሰር ከፖርት ሱዳን በጭነት መኪና የመጣ ነው፣ ቢቃጠል ምትክ የለውም።

ሐያት ደወለች። አማርኛዋ እየጠፋባት ነው። «ማማ፣ ሻንጣ ጃሂዝ» ትለኛለች፣ ዝግጁ ነው ማለቷ ነው። ማን ነው የነገራት? ሰሚራ ናት፣ አፏ አያርፍ። «ማማ፣ እኔ ጋ ነው ትተኚ?» አለችኝ። አዎ አብረን ነው የምንተኛው አልኳትና ቆሻሻ ልደፋ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ቆሻሻውን የደፋሁት።

ማክሰኞ

ሐቡብ፣ የአቧራ ማዕበል፣ ተነሥቶ ሰማዩ ጡብ መሰለ። ሱቁ የሚሠራው በሶላር ነው፣ በዚህ አቧራ መብራት የለም። አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ስወለውል ዋልኩ። እወለውላለሁ፣ ይነፍሳል፣ እወለውላለሁ።

መዳም ጠራችኝና «ሐሙስ አዲስ ልጅ ትመጣለች፣ ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ? ቁርጥሽን ንገሪኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ መሄዴ አይቀርም ያልኳት ራሴ ነኝ። እንደዚያ አፌን ሞልቼ ባልናገር ምን ነበረበት! «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

የአገሬ ልጅ ፋጡማ ዐማራት ቢሮ ታጸዳለች። ደወልኩላት። «አብሽሪ፣ ባይሆን የጥርስ ሳሙና ቀቢው፣ አንድ ልጅ ሲያደርግ አይቻለሁ» አለች። ሳቅኩባት። ግን እውነቱን ልጻፍ፣ የመዳምን የጥርስ ሳሙና አንሥቼ አይቼዋለሁ።

ከዚህም የባሰ አስቤያለሁ። ዕቃው ድሮም መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው የመጣው ብላቸውስ? ዐም ኢድሪስ ያምኑኛል፣ አይታያቸውም። ማመናቸው ግን ክፍሉን አይሰጠኝም። ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ፣ እኔም መስኮቴን እወለውላለሁ። ሐያትም ሻንጣዋን ትፈታለች። ምን ብዬ ነው «ፍቺው» የምላት? አላህ ያውቃል፣ እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም።

ረቡዕ

አገኘሁት!

መዳምን ሳላናግራት በጠዋት ወጣሁ። ሱቅ ደርሼ ኩለሩን አነሣሁት። የሰኞው ገንፎ ሥሩን ሞልቶታል። ልጠርገው ጥጤን ሳስጠጋ ጥፍሬን ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ያዘው። የኩለሩ ፊት ጥጉ ብድግ አለ። ብረት እንዴት ብድግ ይላል? ሳብ አደረግሁት። ተላጠ! ስስ፣ ውሃ የመሰለ ፕላስቲክ፣ ከነፔስቱ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀይ የቻይና ጽሑፍ አለበት። ቅዳሜ አይቼው የፋብሪካው ስም መስሎኝ ነበር።

ፕላስቲክ! ከቅዳሜ ጀምሮ ፔስት የምቀባው ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ ወደ ብረቱ ሊሻገር ሲል ፕላስቲኩ እየመለሰው፣ ለካ ለዚህ ነው ኩለሩ ለብ እንኳ የማይለው! አሮጌ ኩለር ፕላስቲክ የለውም፣ እኔ ደግሞ ከአሮጌ በቀር ነክቼ አላውቅም። ቢታየኝስ ኖሮ፣ የአዲስ ዕቃ ፕላስቲክ እንዳይላጥ አይደል እንዴ መዳም ቤት የተማርኩት? ሞኝ! ሞኝ! ብዬ ራሴን ሰደብኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ፔስት እንደሌለ ትዝ አለኝና ሳቁ ደረቀ።

ስሪንጁ ባዶ። ዐይኔ የተላጠው ፕላስቲክ ላይ አረፈ። የሰኞ እልሄ እዚያ ላይ ተከምሯል! በአሮጌ ሲም ካርድ ጠርዝ ንጹሕ ንጹሑን እየጠረግሁ ሰበሰብኩት። ሽምብራ አከለ። ፕሮሰሰሩን አጸዳሁ፣ ሽምብራዬን መሀል አደረግሁ፣ ብረቱን ራቁቱን ጫንኩበት።

ቁጥሩ ወጣ። ወጣ። ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ኩለሩን ነካሁት፣ ሞቋል! ብረት ስለሞቀ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለዐም ኢድሪስ ፕላስቲኩን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ሳቁ፣ ሳቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። «የኛ ፍሪጅ» አሉ፣ «ከነፕላስቲኩ ነው የተዘረፈው። ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ አላስላጠችንም።»

ብዙ ሳልሞክረው ግን ፀሐይዋ ወረደችና ሶላሩ ደከመ። ነገ መሐንዲሱ ፊት ቢጠፋስ? ለመዳም ምንም አላልኳትም፣ ፈራሁ።

ሐሙስ

መሐንዲሱ ቶሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ! የአንድ ትልቅ ሕንፃ ንድፍ ከፍቶ ያዞረዋል፣ ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል። ማራገቢያው ጮኸ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ቁጥሩን አያለሁ፣ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሻይ ቀረበለት። ጠጣ። ሁለተኛ ጠየቀ! ሰውዬ፣ ሂድልኝ እንጂ!

አልጠፋም። አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋም። ሰውዬው «ማን ነው የገጠመው?» ሲል ዐም ኢድሪስ በእጃቸው ወደኔ አመለከቱ። «ኩወይስ» አለ፣ ጥሩ ነው እንደማለት። በቃ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩን ሪክሻ ላይ ጭኖ ሄደ።

ዐም ኢድሪስ የኋላውን ክፍል ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። መጀመሪያ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ አነሣሁት።

መዳምን ተሰናበትኳት። አዲሷ ልጅ ገብታለች፣ ፕላስቲኩ ወንበር ላይ ጫፍ ይዛ ተቀምጣ አየኋት። መዳም ደግሞ ፊቷን አዙራ «ልጅሽን አንድ ቀን አምጫት» አለችኝ። አልጠበቅሁም ነበር።

ጁምዓ

ክፍሉን ጠረግሁ። መስኮቱ አልዘጋ ብሏል፣ በካርቶን ደፈንኩት። ሰሚራ ነገ በጠዋት አውቶቡስ ላይ ይዛት እንደምትሳፈር ነግራኛለች፣ ኢንሻአላህ። መንገዱ ግን መንገድ ነው፣ ኬላው ብዙ ነው። እስካያት ድረስ ልቤ አያርፍም።

ፍራሽ ገዛሁ። አዲስ፣ አበባ አበባ ያለበት። ሻጩ ሪክሻው ላይ እየጫነልኝ «ፕላስቲኩን ተይው እኅቴ፣ አቧራ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት።

ክፍሉ ውስጥ እንዳስገባሁት ግን በጥርሴ ነክሼ ቀደድኩትና ከላይ እስከ ታች ገፈፍኩት። አቧራውን እንደፈለገ ይጠጣው። ልጄ ጨርቁ ላይ ትተኛ።